ከቆራሌ የተገዛው «የጀርመን ቦምብ ጣይ»

ጥያቄ (ከሸዋ በር፣ ደሴ)፦ ክንድ የሚያህል የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ከቆራሌ ገዛሁ። ሻጩ «በጣሊያን ጊዜ ደሴን የደበደበው የጀርመን አውሮፕላን ነው» ብሎኛል። ነጭ ዱቄት እያወጣ ነው፤ በምን ልጠበው?

መልስ፦ ወሬው ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን የደበደቡት የጣሊያን አውሮፕላኖች ናቸው። በዚያ ጦርነት የዋለው የጣሊያኑ ካፕሮኒ 133 አካሉ የተበየደ የብረት ቱቦ ሆኖ በአብዛኛው ጨርቅ የለበሰ ነበር። የጀርመን ቦምብ ጣዮቹ ሄንክል 111 እና ዩንከርስ 88 ናቸው ቆርቆሮ ለባሾቹ።

ቁራጩን ይገልብጡና ባትሪ አጋድመው ያብሩበት። ውስጡ ላይ «አልክላድ 24 ኤስ-ቲ» የሚል የቀለም ጽሑፍ ካለ ቆርቆሮው የአሜሪካ ነው፤ አየር መንገዳችን ለዓመታት ያበረራቸው ዲሲ-3ዎች የተሠሩት ከዚህ ዓይነቱ ነው። የጀርመን ከሆነ የክፍል ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በአውሮፕላኑ ቁጥር፣ ማለትም በ111 ወይም በ88 ይጀምራል። ጽሑፍ ካገኙ መጀመሪያ ፎቶ ያንሱት፤ በውሃ ሊለቅ ይችላል።

ዱቄቱ የዱራሉሚን፣ ማለትም ለአውሮፕላን የሚውለው የአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ዝገት ነው። ቅይጡ ውስጥ 4 በመቶ ገደማ መዳብ አለ፤ እርጥበትና ጨው ሲያገኝ ብረቱ እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ያብጣል። በረኪና ፈጽሞ አይንካው። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦም የብረት ብናኝ ጥሎበት ይሄዳል፣ ነገ እዚያው ላይ ይዝጋል። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና ጋራዦች «የባትሪ ውሃ» የሚሉት የተጣራ ውሃ ይበቃል። ጋራዥ ሄደው «የባትሪ ውሃ» ሲሉ አሲዱን እንዳይሰጡዎት ይጠንቀቁ! በፕላስቲክ ሳፋ ውሃውን ሦስት ጊዜ እየቀየሩ ይጠቡት፣ ሁለት ቀን ጥላ ላይ ያድርቁት፣ ቀለም የሌለው ሰም በስሱ ይቀቡት። የደሴ ክረምት ጉም ስለማይለቀው፣ ከጫማ ካርቶን የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ይዘው በተከደነ ዕቃ ያስቀምጡት። ከመዳብ ወይም ከነሐስ ጋር ግን አያነካኩት፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ዘመዴ ከጀርመን የላከልኝ የሄንክል የከፍታ መለኪያ ድሮ በጨለማ ያበራ ነበር ይባላል፤ አሁን አያበራም። ከፍቼ ቀለሙን ላድስ?

መልስ፦ አይክፈቱት። ቀለሙ ራዲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያለበት ሊሆን ይችላል። ብርሃኑ የጠፋው ከራዲየሙ ጋር የተቀላቀለው ዚንክ ሰልፋይድ ስለደከመ ነው፤ ራዲየሙ ግን በግማሽ የሚቀንሰው በ1600 ዓመት ነው። አደጋው በተለይ ብናኙን መተንፈስ ላይ ስለሆነ፣ መስታወቱ ከተሰነጠቀ በሁለት ፌስታል ጠቅልለው ያስሩት። ደህና ከሆነም መኝታ ቤት አይስቀሉት፤ ነክተው ሲጨርሱ እጅዎን ይታጠቡ።