ቀለሙን ትተው ውሃውን ይፈልጉ

ጥያቄ፦ ማኅበረ ምእመናናችን በአሜሪካ አንዲት ትንሽ ከተማ ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ገዝቷል። የሰሜኑ ግድግዳ ቀለም በየሁለት ዓመቱ ይላጣል። ክፍተቱን ሁሉ በሲሊኮን ደፍነነዋል፤ አሁን አንድ ተቋራጭ ግድግዳውን በፕላስቲክ እንሸፍነው ይላል።

መልስ፦ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት የግድግዳውን አሠራር ይመልከቱ። ከፎቶግራፉ እንደሚታየው ጣሪያው ቀጥ ያለ ሾጣጣ፣ መስኮቶቹ ጫፋቸው የሾለ፣ ጣውላውም ወደ ላይ የቆመ ነው። ይህ የአናጢዎች ጎቲክ የሚባለው፣ የአውሮፓን የድንጋይ አብያተ ክርስቲያናት ሾጣጣ ቅርጽ በእንጨት የሚያስመስለው አሠራር ሲሆን፣ የኒው ዮርክን የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የነደፈው ሪቻርድ አፕጆን እ.ኤ.አ. በ1852 ያሳተመው የንድፍ መጽሐፍ፣ ድንጋይ ጠራቢ ለመቅጠር አቅም በሌላቸው ከተሞች እንዲስፋፋ ረድቷል።

ጣውላው የቆመው ለውበት ብቻ ሳይሆን ዝናቡ ሳይጠራቀም እንዲወርድ ጭምር ነው። በሁለት ጣውላዎች መካከል ክፍተት ይተውና በላዩ ቀጭን መክደኛ ይመታል፤ የመክደኛው ምስማር የሚያልፈው በክፍተቱ በኩል እንጂ ጣውላዎቹን ወግቶ አይደለም፤ ሰፊ ጣውላ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በሁለቱም ጠርዝ ከተቸነከረም ይሰነጠቃል። በሲሊኮን የደፈናችሁት ይህንኑ መተንፈሻ ነው። ምእመናን ለሰዓታት ቆመው ሲያስቀድሱ ከትንፋሻቸው የሚወጣው እርጥበት ቀላል አይደለም፤ በክረምት ማሞቂያ ሲበራ ወደ ግድግዳው ገብቶ በቀዝቃዛው ጣውላ ላይ ውሃ ይሆንና ቀለሙን ከጀርባ ገፍቶ ይጥለዋል። ፀሐይ የማያገኘው ሰሜኑ ቀድሞ መላጡም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሲሊኮኑን ፍቃችሁ አውጡ፣ አሸንዳውን ጠግኑ፣ የጣውላው የታች ጫፍም ከአፈር 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ጫፉን በወስፌ ይውጉት፤ ያለ ችግር ከገባ በስብሷል፣ ተቆርጦ ይቀየር። አዲሱ ጣውላ ከመመታቱ በፊት ጀርባውና በተለይም የተቆረጠው ጫፉ የመጀመሪያ ቀለም ይጠጣ፤ የእርጥበት መለኪያው ከ15 በመቶ በታች ሳያሳይ ግን ማንም ብሩሽ አያንሣ። ፕላስቲኩን አልመክርም፤ መበስበሱን ከዓይን ይሰውራል እንጂ አያቆመውም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ በአሜሪካ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት የቤት ቀለም የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 በመሆኑ የታችኛው ቀለም በእርግጠኝነት መመርመር አለበት። እርሳስ ከተገኘ በደረቁ አይፋቅ፣ በእሳትም አይላጥ፤ እየረጠበ ይፋቅ፣ ፍቅፋቂው በሸራ ላይ ይሰብሰብ፣ ልጆችም እስኪጸዳ ድረስ በዚያ በኩል አይለፉ።