ተስፋው ሲዘገይ፦ ጥያቄና መልስ

የተለመነው ነገር ሲዘገይ እምነትን ይዞ ስለመቆየት ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። መሠረታቸው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርትና ሥርዓት ነው። የጾምና የሱባኤ ልክ ለየሰው ስለሚለያይ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት የንስሐ አባት ናቸው።

ጥያቄ፦ የምጠብቀው ነገር የእግዚአብሔር ተስፋ ይሁን የራሴ ምኞት እንዴት ልለይ?

ወረቀት አውጪና ሁለት ቦታ ክፈይው። በአንዱ በኩል ለሚያምን ሁሉ የተነገረውን ጻፊ፦ ለሚናዘዝ ኃጢአት እንደሚሰረይ (1ኛ ዮሐ. 1፥9)፣ እስከ ዓለም ፍጻሜ ከእኛ ጋር እንደሚሆን (ማቴ. 28፥20)፣ ከሚቻለን በላይ እንድንፈተን እንደማይተወን (1ኛ ቆሮ. 10፥13)፣ ትንሣኤ ሙታን። በሌላው በኩል አንቺ የምትለምኝውን፦ ትዳር፣ ልጅ፣ ሥራ፣ ቪዛ። ሁለተኛውን መለመን ነውር የለበትም፤ ግን በዚህ ቀን ይሆንልሻል የተባለ ቃል የለም። ብዙ ሰው እምነቱ የሚላላው ሁለቱን ሲያደባልቅ ነው። ቪዛው ሲከለከል እግዚአብሔር ቃሉን ያጠፈ ይመስለዋል።

ኤርምያስ 29፥11ን ተመልከቺ። «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ» የሚለው ጥቅስ በየግድግዳው አለ፤ ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር 10 ግን አብሮ አይለጠፍም። እርሱ ሰባ ዓመት ይላል። ደብዳቤው የተላከው ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ነው፤ ከመካከላቸው ጎልማሳ የነበረው ሰው መመለሱን በዓይኑ እንደማያይ ቆጥሮ ማወቅ ይችል ነበር። የታዘዙትም ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ለዚያች ከተማ እንዲጸልዩ ነው (29፥5-7)። በዚያው ዘመን ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሥቶ «በሁለት ዓመት ያልቃል» ብሎ ነበር (28፥3)። ለጆሮ የሚጥመው የሐናንያ ነበር፤ የተፈጸመው የኤርምያስ ነው።

ጥያቄ፦ እምነት ያለው ሰው ወዲያው ይቀበላል፣ የዘገየበት እምነቱ ጎድሎ ነው ይሉኛል። እውነት ነው?

አይደለም። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅ ሲወለድ 100። በመካከሉ 25 ዓመት አለ፤ የአማኞች አባት የሚባለውም እርሱ ነው። ዕብራውያን 11፥39 ደግሞ በእምነታቸው ተመስክሮላቸው ሳለ የተሰጠውን ተስፋ ያላገኙ እንዳሉ በግልጽ ይናገራል። ይህን የሚሉህ ሰዎች የምዕራፉን መጀመሪያ አንብበው ያቆሙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከተጋባን ስምንት ዓመት ሆነን፣ ልጅ አልወለድንም። ቤተሰብ «ሌላ አግባ» እያለ ባለቤቴን ይጎተጉታል።

ሣራ አጋርን ለአብርሃም የሰጠችው በከነዓን ከተቀመጡ ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው (ዘፍ. 16፥3)። እስማኤል ሲወለድ አብርሃም 86 ነበር፤ ተስፋው ይህን አቋራጭ አልጠበቀም፤ የተረፈው የቤት ውስጥ ጠብና የአጋር ስደት ነው። «ሌላ አግባ» የሚለው ምክር ያው ነው፤ በተክሊልና በቅዱስ ቁርባን የጸናን ጋብቻ ደግሞ መካንነት አይፈታውም። ስለዚህ ቤተሰቡን ባልሽ ራሱ ይናገር። አንቺ ብትናገሪ ጠብ ይሆናል።

ሁለታችሁም ተመርመሩ። ሴቷ ዓመታት በየጠበሉ ስትንከራተት ባልየው አንድ ቀን እንኳ ላቦራቶሪ ያልሄደበት ቤት ብዙ ነው። ችግሩ በወንድ በኩልም ሊሆን ይችላል።

ሐናን ደግሞ አስተውያት (1ኛ ሳሙ. 1)። በልቅሶ ጸለየች፣ ከካህኑ ከዔሊ ቃል ተቀበለች፣ ከዚያ በላች፣ ፊቷም ተለወጠ። በዚህ ጊዜ ገና አልፀነሰችም።

ጥያቄ፦ ሱባኤ ገብቼ ጨረስኩ፣ ምንም አልተለወጠም። ምን አጎደልኩ?

ምናልባት ምንም። ሱባኤ ሰባት ቀን ተቆጥሮ በስምንተኛው መልስ የሚወጣበት ነገር አይደለም። አገባቡ ግን ሊበላሽ ይችላል። ለንስሐ አባት ሳይነግሩ መግባት አንዱ ነው። ከወንድም ጋር እንደተኳረፉ መግባት የባሰው ነው፤ ጌታ መባህን ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ ብሏል (ማቴ. 5፥23-24)። ሌላው ከአቅም በላይ መጀመር ነው፦ በመጀመሪያው ቀን መቶ ኀምሳውን መዝሙረ ዳዊት ጸልዮ በሦስተኛው ቀን ዝሎ መተው።

ለጀማሪ የሚበጀው አንድ ሳምንት፣ በቀን አንድ ምግብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ጠዋት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም (ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ ሳምንቱን ይሞላል)፣ ማታ ጥቂት መዝሙር፣ አቅም የሚፈቅደውን ያህል ስግደት ነው። ስልኩ ይዘጋ። በመጨረሻው ቀን ቅዳሴ ማስቀደስና፣ የንስሐ አባት ከፈቀዱ፣ መቁረብ ነው። ነፍሰ ጡር፣ የስኳር ሕመምተኛ፣ መድኃኒት በሰዓት የሚወስድ ሰው በጸሎቱ ይግባ እንጂ በረኃቡ አይግባ።

ጥያቄ፦ መጸለይ አቃተኝ። ብጸልይም ቃል አይመጣልኝም።

የራስህን ቃል አትፈልግ፤ ዳዊት ድገም። መዝሙር 12 (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሩ 13 ነው) አጭር ነው፣ ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል። አካሄዱን እይ፦ መጀመሪያ አቤቱታ፣ ቀጥሎ «ተመልከተኝ፣ ስማኝ» የሚል ልመና፣ መጨረሻ ላይ «በቸርነትህ ታመንሁ»። አቤቱታውን ዘለህ ወደ መጨረሻው አትሩጥ። እግዚአብሔር ፊት ማማረር ነውር የሚመስለን አለን፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ይህንኑ መዝሙር በየዘመኑ ስትደግም ኖራለች። ለአንድ ወር ያህል ይኸው ብቻ ይበቃሃል፤ አትጨምር።

ጥያቄ፦ ሪያድ በሰው ቤት እሠራለሁ። ቤተ ክርስቲያን የለም፣ መጽሐፍም ማውጣት አልችልም።

አባታችን ሆይና ጸሎተ ሃይማኖትን በቃልሽ ታውቂያለሽ፤ በእነርሱ ሰዓት ያዢ። ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ሦስቱን ምረጪ፦ ስትነሺ፣ በዘጠኝ ሰዓት (ጌታ ነፍሱን የሰጠበት ነው)፣ ስትተኚ። ከንፈር ሳይንቀሳቀስ፣ ዕቃ እያጠብሽም ይሆናል። የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር በስልክሽ ያዢ፤ ረቡዕና ዓርብ፣ አጽዋማትና በዓላት እንዳያልፉሽ። የምትበዪውን ራስሽ መምረጥ ካልቻልሽ ለንስሐ አባትሽ በስልክ ንገሪና ምን እንደምታደርጊ ይንገሩሽ። ቁርባኑ ስትመለሺ ነው። በሕዝቅኤል 11፥16 እግዚአብሔር በሩቅ አገር ለተበተኑት እርሱ ራሱ ለጥቂት ጊዜ መቅደስ እንደሚሆናቸው ተናግሯል። ያ ቃል ለአንቺም ይሠራል።

ጥያቄ፦ አንድ ባሕታዊ «እስከ መስከረም ይሆንልሃል» ብለውኝ ነበር። መስከረም አለፈ።

ዘዳግም 18፥22 መለኪያውን ሰጥቷል፦ የተናገረው ካልሆነ እግዚአብሔር አልተናገረውም። እግዚአብሔርን በሰውየው ስሕተት አትክሰሰው። 1ኛ ነገሥት 13ንም አንብብ፤ የእግዚአብሔር ሰው የሞተው ሽማግሌው ነቢይ «መልአክ ነገረኝ» ስላለው አምኖ፣ ራሱ የተቀበለውን ትእዛዝ ትቶ ነው። ቀን የሚቆርጥና ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ምዕራፍ መጥቀስም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ መድኃኒት ብወስድ በጠበሉ አለማመን አይሆንብኝም?

አይሆንም። ሕዝቅያስ ጸልዮ 15 ዓመት ተጨመረለት፤ በዚያው ጊዜ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ (ኢሳ. 38)። ሲራክ 38 «ባለመድኃኒትን አክብር» ይላል። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ጠበል በባዶ ሆድ ከሆነና መድኃኒትሽ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ ሰዓቱን ሐኪምሽን ጠይቀሽ አስተካክዪ። ኢንሱሊን ተወግቶ ሳይበሉ መጠመቅ ግን አደገኛ ነው፤ ስኳሩ ወርዶ ላብና መንቀጥቀጥ ሲመጣ «መንፈስ ነው» ተብሎ ሰው ሊሞት ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከዳነች ብዬ ከአቅሜ በላይ ተስያለሁ። እሷ ድናለች፤ እኔ መክፈል አልቻልኩም።

ልጅዎ እንኳን ዳነችልዎ። ተስሎ ካለመክፈል አለመሳል ይሻላል (መክ. 5፥5)፤ ከተሳሉ በኋላ ግን መደበቅ አይገባም። ተበድረው አይክፈሉ፣ ከቤተሰብ ቀለብም አይንሱ። ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት እንዲሰጡ ወይም በጉልበት እንዲያገለግሉ ሊያደርጉልዎ ይችላሉ። ለወደፊቱ ደግሞ በእጅዎ ያለውን ብቻ ይሳሉ፤ የሌላ ሰው ጊዜና ገንዘብም ስእለት ውስጥ አይግባ።

ጥያቄ፦ የለመንኩት በግማሽ ተሰጠኝ። ሥራው ተገኘ፣ ግን ቤተሰቤ ሌላ ከተማ ቀረ። ይህ መልስ ነው?

ዳዊት በሳሙኤል እጅ ተቀብቶ ሳለ መጀመሪያ የነገሠው በኬብሮን፣ በይሁዳ ላይ ብቻ ነው፤ ሰባት ዓመት ከስድስት ወር። የቀረው እስራኤል በሳኦል ልጅ በኢያቡስቴ እጅ ነበር። ሁለት ሰዎች ኢያቡስቴን በተኛበት ገድለው ራሱን ለዳዊት አመጡለት፤ ቀሪውን ግማሽ በእጁ ማስገባታቸው ነበር። ዳዊት ሁለቱንም አስገደላቸው (2ኛ ሳሙ. 4)። ስለዚህ በተሰጠህ ሥራ ላይ በርታ፣ ዝውውሩን በደንቡ ጠይቅ፤ ጉዳዩን በጉቦ ወይም በሐሰት ወረቀት ላስጨርስልህ የሚል ሰው ከመጣ ግን አሰናብተው።