የክትባት ካርዷ ለጠፋባት የኮምቦልቻ ተመራቂ

ጠያቂያችን በኮምቦልቻ በጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተመርቃ፣ በአሜሪካ ለሁለተኛ ዲግሪ የማስተማር ረዳትነት ክፍያ ያለው የትምህርት ዕድል አግኝታለች። ዩኒቨርሲቲው የክትባት ቅጽ ልኮላታል፤ የልጅነት ካርዷ ግን ቤተሰቧ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከከተማው ሲወጣ ጠፍቷል። ለቪዛው ክትባት ስላልተጠየቀች ቅጹን መተው ይቻል እንደሆነ፣ ካልተቻለም «ባዶ ካርድ ሞልተን ማኅተም እናስመታልሽ» ያሏትን ሰዎች ብትሰማ ምን እንደሚከተል ጠይቃናለች።

እህታችን፣ ለተማሪ ቪዛ ክትባት አለመጠየቁ እውነት ነው። ግዴታውን የሚጥሉት ግን ኤምባሲው ሳይሆን የየግዛቱ ሕግና ዩኒቨርሲቲው ራሱ ናቸው። የኒውዮርክ ሕግ ሁለት ዙር የኩፍኝ፣ አንድ አንድ ዙር ደግሞ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ (የጀርመን ኩፍኝ የሚባለው በሽታ) ክትባት ይጠይቃል፤ ቴክሳስ ዕድሜያቸው ከ22 ዓመት በታች የሆኑ አዲስ ተማሪዎች ትምህርት ከመጀመሩ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድመው የማጅራት ገትር ክትባት እንዲወስዱ ያስገድዳል። ቅጹን ያላሟላ ተማሪ ምዝገባው ሊታገድበት ይችላል፤ ያልተመዘገበ ተማሪ ደግሞ የረዳትነት ክፍያውን ብቻ ሳይሆን ሕጋዊ የመኖሪያ ሁኔታውንም ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ቅጹን መተው አይቻልም።

ስለ ካርዱ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ባይጠፋም ብዙ አይጠቅምሽም ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወር ነው፤ አሜሪካኖች ግን ልጁ አንድ ዓመት ሳይሞላው የተሰጠውን ክትባት እንደ አንድ ዙር አይቆጥሩትም። በዚያ ላይ ያኔ የተሰጠሽ የኩፍኝ ብቻ እንጂ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ አልነበረም። ቀኑም ሌላ ጣጣ አለው፤ በጥር 1994 የተወለደች ልጅ በጥቅምት 1995 ብትከተብና ፓስፖርቷ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2002 ቢል፣ ቀኑ ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያልተቀየረ ካርድ ከመወለዷ ሰባት ዓመት ቀድማ የተከተበች ያስመስላታል። እንግዲህ እነዚያ ሰዎች በገንዘብ የሚሸጡልሽ፣ እውነተኛው እንኳ ተቀባይነት የማያገኝበትን ወረቀት ነው። ሐሰተኛነቱ ከታወቀ ደግሞ ከትምህርት ሊያስባርርሽ ይችላል።

መፍትሔው እንደገና መከተብ ነው። ቀድሞ በሽታውን የመከላከል አቅም ያለው ሰው የሦስቱን ጥምር ክትባት ቢደግም አይጎዳውም፤ እርጉዝ የሆነች ሴት ግን ይህን ክትባት ስለማትወስድ፣ የሚመለከትሽ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪው። በሁለቱ ዙሮች መካከል ቢያንስ 28 ቀን ሊኖር ይገባልና ዛሬ ነገ አትበዪ። በደሴና በኮምቦልቻ የጤና ተቋማት ጠይቀሽ ጥምር ክትባቱን ካላገኘሽ፣ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ ስትወርጂ በዚያው እንድትወስጂው ቀጠሮ ያዢ፤ ለሁለት ጉዳይ ሁለት ጊዜ ወደ 400 ኪሎ ሜትር መመላለስ አያስፈልግም። ክትባት ለመድገም የማይፈልግ ሰው በደም ምርመራ የመከላከል አቅም እንዳለው ማሳየት ይችላል፤ እኔ ግን ውጤቱ አጥጋቢ ካልሆነ ጊዜም ገንዘብም የሚያስከፍለው በእጥፍ ስለሆነ አልመርጠውም።

ቅጹ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም የሚጠይቅ ከሆነ ጥንቃቄ ያሻል። በልጅነትሽ የተከተብሽው ቢሲጂ የተባለው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት የቆዳውን ምርመራ ያለ በሽታው «አለ» ሊያሰኘው ስለሚችል፣ የደም ምርመራውን እንዲቀበሉሽ ጠይቂ። የቆዳው ምርመራ ግድ ከሆነ ከኩፍኝ ክትባቱ ጋር በአንድ ቀን ይሁን፤ ካልሆነም ክትባቱን ከወሰድሽ አራት ሳምንት በኋላ ይደረግ፤ ክትባቱ ውጤቱን ሊያዛባው ይችላልና።

ዛሬውኑ ለዩኒቨርሲቲው የጤና ማዕከል ኢሜይል ጻፊና ሁለተኛው ዙር ከጉዞሽ በፊት ካልደረሰ በመጀመሪያው ዙር ብቻ መመዝገብ ይፈቀድልሽ እንደሆነ፣ የቀረውንም እዚያው መውሰድ ትችዪ እንደሆነ ጠይቂ። መልሱን በጽሑፍ ያዢው። ክትባቱን የሚሰጥሽ ባለሙያም ስምሽን በፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል፣ ቀኑንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ወሩን በቃል ጽፎ እንዲፈርምና እንዲያትም አድርጊ፤ ወርና ቀንን በቁጥር ብቻ ከጻፈው አሜሪካኖች ወሩን ስለሚያስቀድሙ የሰኔው ክትባት የሌላ ወር ሆኖ ሊነበብ ይችላል።