ራሷን ስታ ወደቀች፤ ከዚያስ?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ፀጉር ቤት አለኝ። ቴሌቪዥናችን ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። ሰሞኑን አንድ ኮሜዲ ላይ ልጅቷ ወጥ ሸቷት አፏን ይዛ ሮጠች። ማርገዟ ገባንና ቤቱ በሳቅ ሞላ። ካስክ ውስጥ የነበረች የፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ተማሪ ግን ፀጉሯ ሳይደርቅ ከፍላ ወጣች። ኮሜዲዎች እርግዝናን ለምን እንዲህ ያሳያሉ? የውጮቹስ ውርጃን ያነሳሉ? ለደንበኞቼስ ምን ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ ያቺን ልጅ ልብ ስላልሻት አመሰግንሻለሁ። ብዙ ሰው አያያትም ነበር።

የእኛ ኮሜዲዎች እርግዝናን የሚወዱት ምስጢር ስለሚያወጣላቸው ነው። ልጅቷ ታስመልሳለች ወይ ራሷን ስታ ትወድቃለች። እናት ትጮሃለች፣ አባት ዱላ ያነሳል፣ ልጁ ይሰወራል፣ መጨረሻ ላይ ሽማግሌ ይላካል። ልጅቷን «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» የሚላት የለም። ደራሲው ሲጨንቀው ደግሞ ከደረጃ ይጥላትና ጽንሱ ይወርዳል። ይሄ በጣም ያናድደኛል። እሷ የምትጨነቅበትን ነገር ደረጃው ወሰነላት ማለት እኮ ነው!

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ውርጃን ይሸሹት ነበር። ደፍራ የወጣችው «ሞድ» የተባለችው ኮሜዲ ናት፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1972 በሲቢኤስ ቴሌቪዥን፣ በሁለት ክፍል። ሞድ የ47 ዓመት ሴት ናት፤ ባል አላት፣ የልጅ ልጅ አላት፣ ሳታስበው አረገዘች። ሞድ በምትኖርበት ኒውዮርክ ውስጥ ውርጃ ከ1970 ጀምሮ ተፈቅዶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለመላው አገሪቱ የፈቀደው ግን ከፕሮግራሙ ሁለት ወር በኋላ ነው፤ በ2022 ደግሞ ያንን ውሳኔ ሽሮታል። አናሳይም ያሉ ጣቢያዎች ነበሩ። እኔን የሚገርመኝ ሳቁ አለመቅረቱ ነው። ሰው ይስቃል፤ ግን ሞድ ከልጇ ጋር ታወራለች፣ ከባሏ ጋር ትመካከራለች፣ ጽንሱን ለማቋረጥም ትወስናለች።

በ2016 «ጄን ዘ ቨርጂን» በተባለው የአሜሪካ ኮሜዲ ላይ የጄን እናት በኪኒን ጽንስ አቋረጠች። አልሞተችም፣ ደራሲውም አልቀጣትም። ክርክሩ የመጣው ከራሷ እናት፣ ከጄን አያት ነው፤ ሃይማኖተኛ ናቸው፣ አዘኑ፣ ተቆጡ፣ ከዚያ ታረቁ። እንዲህ ዓይነት እናት ባሕር ዳር የለችም?

እኔ በአዋላጅነት ስሠራ የማየው ከድራማው ብዙ ይለያል። ልጅቷ ብቻዋን አትመጣም፤ ጓደኛዋ አብራት ትመጣለች። የምታወራውም ጓደኛዋ ናት። «ጨጓራዋን ነው ሲስተር።» የወር አበባሽ መቼ ነበር ስላት ልጅቷ ጓደኛዋን ታያለች። «ከጥምቀት በፊት ነው አይደል?» «ኧረ ለገና ነበር፣ ዳቦውን ስንጋግር!» እዚያው በበዓል ሲቆጥሩ ሦስታችንም እንስቃለን። ይሄን የሚጽፍ ደራሲ ባገኝ ደስታዬ ነው።

ኮሜዲዎቻችን የአገራችንን ሕግም ቢነግሩን ጥሩ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል፦ በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ የተፀነሰ ከሆነ፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ከሆነ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት፣ ሴቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ወይም በዕድሜዋ ማነስ ምክንያት ልጁን ማሳደግ የማትችል ከሆነ። ተደፍራ ያረገዘች ሴት ቃሏ ብቻ በቂ ነው፤ የፖሊስ ወረቀት አምጪ አትባልም።

ለደንበኞችሽ? ቴሌቪዥኑን አታጥፊው። እንዲህ ያለው ነገር ሲመጣ ግን ጮክ ብለሽ «የወር አበባ የቀረባት ሰው በሽንት ትመርመር፣ ፋርማሲም ጤና ጣቢያም አለ» በይ። የድንገተኛ መከላከያ ኪኒኑም ያለ መከላከያ ግንኙነት ከተደረገ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ እንዳለበት ጨምሪበት፤ በቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይሻላል። ማንንም ለይተሽ አትዪ። የሚመለከታት ትሰማሻለች። ልጅቷ ፀጉሯን ልትጨርስ ከተመለሰች ደግሞ ምንም አትጠይቂያት፤ እሷ ከጀመረች ወደ እኛ ላኪያት፣ ከጓደኛዋ ጋር ብትመጣም ግድ የለም።