ውሃ የገባበት የለውዝ ቅቤ፣ ያረረ የቲማቲም ድልህ

ጥያቄ፦ የለውዝ ቅቤ ከሱቅ መግዛት ስለከበደኝ እቤት ልሠራ ሞከርኩ። ብሌንደሩ ውስጥ ዱቄት ሆኖ ቀረብኝ። እንዲላላ ሁለት ማንኪያ ውሃ ባክልበት ጭራሽ ጠጥሮ ቁጭ አለ። ምን አጠፋሁ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ያጠጠረው ውሃው ነው። የለውዝ ቅቤ በራሱ ቅባት የላላ የለውዝ ዱቄት ነው፤ ትንሽ ውሃ ጠብ ካለበት ዱቄቱ ውሃውን መጥጦ እርስ በርሱ ይያያዛል። ማርም ውሃ ስላለበት ያው ነው። የጠጠረውን ግን አይድፉት። ለብ ያለ ውሃ በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ ቢመቱት መልሶ ይቀጥናል፤ ጨው፣ ሚጥሚጣና ሎሚ ሲገባበት ጥሩ ማባያ ይወጣዋል። ፍሪጅ አስቀምጠው በሁለት ቀን ይጨርሱት።

ለሚቀጥለው 500 ግራም ጥሬ ለውዝ ይልቀሙ። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ ሻጋታ የነካው ፍሬ ሁሉ ይጣል፤ እዚህ ላይ መሰሰት አይገባም። ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ቢቆላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

በመጠነኛ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ይቁሉት። አንዷን ፍሬ ለሁለት ከፍለው ይዩ፤ ውስጧ ነጭነቱን ትቶ ወርቃማ ከሆነ ወዲያው ሰፌድ ላይ ይበትኑት። ምጣዱ ላይ ከቆየ መጥቆሩን ይቀጥላል፣ ቅቤውም ይመራል። ቀዩን ልጣጭ በእጅ አሽተው ያንፍሱ።

ለብ እንዳለ ይፍጩት፤ ሲሞቅ ቅባቱ ቶሎ ይለቃል። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፣ ቀጥሎ እንደ ሊጥ ተድበልብሎ ብሌንደሩን ያስጨንቃል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው፤ እርስዎም ውሃ የጨመሩት ከዚህ በፊት ነው። አንድ ደቂቃ ፈጭተው ሁለት ደቂቃ ሞተሩን ያሳርፉ፣ ጎንና ጎኑን ወደ ታች ይፋቁ፣ ይድገሙ። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ድረስ ከፈጩት የብሌንደሩ ድምፅ ይለሰልስና ለውዙ መፍሰስ ይጀምራል። እምቢ ካለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት እንጂ ውሃ አይጨመርም። ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ጣፋጭ ከፈለጉ የተፈጨ ደረቅ ስኳር።

ሲቀመጥ ዘይቱ ከላይ ቢንሳፈፍ አልተበላሸም። ብዙዎቹ የፋብሪካ ምርቶች የማይለዩት የሚረጋ የአትክልት ቅባት ስለሚገባባቸው ነው። በደረቅ ማንኪያ አማስለው ፍሪጅ ቢያስቀምጡት ሁለት ወር ይቆያል።

ጥያቄ፦ ቲማቲም ሲረክስ ድልህ ልሠራ እፈልጋለሁ። ባለፈው ሥሩ አርሮ መረረኝ፤ 5 ኪሎ ቲማቲምም ምንም አልወጣውም። (ከአዳማ)

መልስ፦ ከ5 ኪሎ አንድ ኪሎ ገደማ ካገኙ በደንብ ሠርተዋል፤ ቲማቲም አብዛኛው ውሃ ነው። ሞላላውን፣ ሥጋው ወፍራም የሆነውን ይምረጡ። ለሁለት ከፍለው ፍሬና ውሃውን ያውጡ፣ 20 ደቂቃ ቀቅለው በወንፊት ያጥልሉ። አሲድ ስላለው በአሉሚኒየም ድስት አይሥሩት፤ ብረት ብረት ይላል።

የሚያርረው ሲወፍር ነው፤ ያኔ ከታች ወደ ላይ መገላበጡን ስለሚያቆም ስኳሩ ሥር ተጣብቆ ይቃጠላል። ሰፊ ድስት ይጠቀሙ፤ ሲጋመስ እሳቱን ዝቅ አድርገው ከእንጨት ማማሰያ አይለዩ። ኦቨን ካለ ትሪ ላይ አስፍተው በ120 ዲግሪ፣ በየግማሽ ሰዓቱ እያገላበጡ ማድረቁ ይሻላል። በማማሰያው የድስቱን ሥር ሲሰነጥቁት መስመሩ ሳይዘጋ ከቆየ ደርሷል። ጨው በመጨረሻ ብቻ፤ ቀድሞ የገባ ጨው ድልሁ በተነነ ቁጥር ይበረታል።

ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ነው ዕድሜው። የተረፈውን በበረዶ መሥሪያ ከፋፍለው ያቀዝቅዙና በላስቲክ ይቋጥሩት፤ ለአንድ ወጥ ሁለት ሦስት ፍሬ ማውጣት ነው። ከላይ ዘይት አፍስሶ መደርደሪያ ላይ ማቆየት ግን አደጋ አለው፤ የፋብሪካው ድልህ የሚቆየው ጀርሙ በሙቀት ተገድሎ፣ ድልሁም ታሽጎ ስለሆነ ነው።