መልስ፦ ሳይንስና ሒሳብ የሚሸሹ ልጆችን በንባብና በጽሑፍ ስለ ማቅረብ

ሰላም መምህርት። «የ7ኛ ክፍል ልጆቼ ሳይንስና ሒሳብ ይሸሻሉ፤ በንባብና በጽሑፍ እንዴት ላቅርባቸው?» ብለዋል። እኔ ደብረ ብርሃን ሳስተምር የጀመርኩት ከባቄላ ንፍሮ ነው። «እዚህ ንፍሮ ለምን ቶሎ አይበስልም?» አልኳቸው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህን ግን ቀድሜ አልነገርኳቸውም። እናቶቻቸውን ጠይቀው፣ ሰዓት ይዘው፣ ያዩትን በራሳቸው ቃል ጻፉ። ከዚያ መጽሐፉን ሲገልጡ የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር። አንዷ «ውኃው ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ አልሞላም» ብላ ጻፈች። ደስታዬን አልረሳውም! ሒሳብ ላይም መልሱን ብቻ አይቀበሉ፤ «ለምን አካፈልክ?» ብለው ሁለት መስመር ያስጽፉ። የፊደል ስሕተቱን መጀመሪያ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አይሰርዙባቸው፣ ይሸማቀቃሉ።