ወደ ገጠር ጎጆ ለምትወጡ ልጆቼ

ለክረምት ዕረፍት፣ ለሥራ ምደባ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ከጎንደር ከተማ ወጥታችሁ በገጠር ጎጆ ጥቂት ሳምንታት ለምትቆዩ ወጣቶች ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሊነገራችሁ የሚገባው ነገር ብዙ ጊዜ ሳይነገራችሁ እንደሚቀር ስለማውቅ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። ሙያዬን የተማርሁት እዚሁ ጎንደር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) በአንድነት ሲያሠለጥን በኖረው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ስለ ውሃ፣ ስለ መጸዳጃና ስለ ጭስ ብዙ ተምሬ ወጣሁ፤ የአንድ ቤት ውሃ በማን ጀርባ ላይ እንደሚመጣ ግን የተማርሁት በኋላ ነው።

የመጀመሪያ ምደባዬ በወገራ ደጋ ነበር። ያረፍሁት በአንዲት ባልቴት ቤት ሲሆን፣ ከእርሳቸው ጋር የ12 ዓመት ገደማ የልጅ ልጃቸው ትኖር ነበር። በደረስሁ ማግስት ማለዳ ተነሥቼ ደጅ ላይ ገላዬን ታጠብሁ፤ ሸሚዜንና ካልሲዬንም አጠብሁ፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ባዶ አደረግሁ። ማንም ምንም አላለኝም። በገጠር እንግዳን መውቀስ ነውር ስለሆነ፣ ጥፋታችሁን ከሰው አፍ አትሰሙትም። ወደ ቀትር ገደማ ልጅቱ ባዶውን ጄሪካን በገመድ አንጠልጥላ ዳግመኛ ቁልቁል ስትወርድ ሳይ ግን ነገሩ ገባኝ። በማግስቱ አብሬያት ወረድሁ። ምንጩ የሚንጠባጠብ እንጂ የሚፈስ አልነበረም፤ ልጅቱ ተንበርክካ በቅል እየጨለፈች፣ ጭቃው እንዳይናወጥ ቅሉን ወደ ጎን እያጋደለች፣ አንዱን ጄሪካን እስክትሞላ ድረስ ከኋላዋ ስምንት ሰው ተሰልፎ ነበር። ሃያ ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ይመዝናል። ዳገቱን ተሸክሜው ስወጣ ገመዱ ደረቴ ላይ የተወውን ሰንበር እስከ ማታ እዳስሰው ነበር። ያ ቤት በቀን የሚበቃው ሦስት ጄሪካን ነበርና፣ እኔ በአንድ ማለዳ ያፈሰስሁት የቤቱን የቀን ውሃ ሁለት ሦስተኛ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ በደረሳችሁበት ቤት ከሁሉ አስቀድማችሁ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀዳና ማን እንደሚቀዳው ጠይቁ፤ ከዚያም ቢያንስ የራሳችሁን ድርሻ ራሳችሁ ቅዱ። አንዱ ውሃ ሁለት ሦስት ሥራ ሲሠራ ታያላችሁ፤ የእህሉ እጣቢ ለጥጃ ይሰጣል፣ እጅ የታጠቡበትም ለጎመኑ መደብ ይፈስሳል። ይህን ሥርዓት አታፍርሱት። በአንድ ነገር ግን አትቆጥቡ፤ ይኸውም የሕፃናትን ፊት በማጠብ ነው። በክልላችን እጅግ የተስፋፋውን ትራኮማ የተባለ የዓይን በሽታ የሚያስተላልፉት ዝንቦች በዓይንና በአፍንጫ ፈሳሽ ላይ የሚያርፉ ናቸውና፣ በእፍኝ ውሃም ቢሆን የልጆቹ ፊት ጠዋትና ማታ ይታጠብ፤ አብራችኋቸውም ታጠቡ።

የምትጠጡትን ውሃ አፍሉት። ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ እንደሚፈላ ታስተውላላችሁ፤ ይህ የሚሆነው አየሩ ስስ በመሆኑ ነው። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላውና ሽምብራው አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ባለቤቲቱ ከማታ ጀምረው ሲዘፈዝፉት በከንቱ አይደለም። እናንተም ውሃው መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሙሉ አቆዩት።

እሳት ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። ማታ ራት ተበልቶ ሲያበቃ፣ ባልቴቲቱ ከምድጃው ውስጥ አንድ ወፍራም የወይራ ፍም መርጠው ወደ ጉልቻው ሥር ያስጠጉና፣ አመዱን በመዳፋቸው ጠርዝ ገፋ ገፋ እያደረጉ ከላዩ ያለብሱት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ምድጃው የሞተ ይመስላል። ሲነጋ አመዱን ገለጥ አድርገው፣ ደረቅ ኩበት ፈርፍረው ጣል ያደርጉበትና ጎንበስ ብለው እፍ ይሉታል፤ ፍሙ ቀልቶ ይጠብቃቸዋል። የተዳፈነው እሳት ጠፍቶ ያደረ እንደሆነ ልጅቱ ገል ይዛ ከጎረቤት ልትጭር ትሄዳለች፤ በዚያው ማን ታሞ እንዳደረ፣ የማን ላም እንደወለደች ሰምታ ትመለሳለች። እኔ ክብሪት እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ብዬ አስብ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ብዙ የታመመ ሰው ያገኘሁት እሳት ልትጭር ሄዳ ወሬ ይዛ በተመለሰች ልጅ ምክንያት ነው።

ጭሱን በተመለከተ ባለሙያነቴ ዝም አያሰኘኝም። የምድጃ ጭስ የሴቶችንና የሕፃናትን ሳንባና ዓይን ይጎዳል፤ እርጥብ እንጨት ደግሞ ጭሱን እጥፍ ያደርገዋል። በክረምት ከምትሠሩት ሥራ ሁሉ ብልጫ ያለው፣ ፍልጡንና ጭራሮውን ከዝናብ አንሥቶ ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ደርድሮ ማድረቅ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን በሩን ክፈቱ፤ ሕፃን ያዘለችውን እናት ሕፃኑን ተቀበሏት። ወንዶች ሆይ፣ «ወንድ ልጅ ጓዳ አይገባም» የሚላችሁ ቢኖር በአክብሮት አልፋችሁ ግቡ፤ ምጣዱን አሰሱ፣ ማገዶውን አቀብሉ፣ አክንባሎውን አንሡ። ባልቴቲቱ በመጀመሪያው ቀን «ተው ልጄ፣ ሰው ምን ይለኛል» ብለውኝ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን የጎመን ዘሩን ራሳቸው አቀበሉኝ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ብርዱ ቢጸናባችሁ በዘጋችሁት ቤት ውስጥ የከሰል ማንደጃ አስገብታችሁ አትተኙ። ከሰል ጭስ የለውም ተብሎ ይታመናል፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የሌለው በመሆኑ የተኛውን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። አንድ ጋቢ ደርቡ፤ አጎዛውንና ቁርበቱን ቀን ፀሐይ አስመቷቸው፤ ቁንጫውም ይቀንስላችኋል።

መጸዳጃ ከሌለ ጉድጓድ በመቆፈር አግዙ። ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከምንጩም በታች እንጂ በላይ አይሁን፤ ከምድጃ የሚወጣውን አመድ በየጊዜው ነስንሱበት፣ ሽታውንና ዝንቡን ይቀንሳል። የትራኮማው ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ስለሆነ፣ ይህ የአንድ ቀን ቁፋሮ ከእናንተ በኋላ ብዙ ዓመት የሕፃናትን ዓይን ይጠብቃል።

ስትመለሱ ስለ ስጦታ አትጨነቁ፤ ስኳርና ቡና ብትይዙ መልካም ነው። እኔ ከወገራ በተነሣሁበት ማለዳ ገና ሳይነጋ ሁለት ጊዜ ወደ ምንጩ ወርጄ እንስራውንም ጄሪካኖቹንም ሞላኋቸው፤ ሦስት ቀን የሚያነድ ፍልጥም ቆጡ ላይ ደረደርሁ። ባልቴቲቱ ወደ እንስራው ጎንበስ ብለው አይተው፣ ልጅቱን «ዛሬስ ተኝተሽ አርፍጂ» አሏት።